«ጫት ቃሚው እጮኛዬ ለልጄ ምን ያወርሰው ይሆን?»

ባለፈው ሳምንት ቀጠሮ ስለማያከብሩ ወንዶች ጽፌ የስድብ ናዳ ወርዶብኛል። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። የዛሬው ጉዳይ ግን ከወትሮው ለየት ይላል። እንደሌላ ጊዜው «ተነጋገሩበት፣ ሽማግሌ ላኩ» ብዬ የማልፈው ዓይነት አይደለም። ደግሞም ሐቁን ለመናገር እኔንም ይነካኛል።

ባለጉዳይዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት። እዚሁ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ቤት ትሠራለች። ያገናኘን አንድ የጋራ ወዳጃችን ሲሆን፣ የተገናኘነውም አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ነው። አቮካዶዋን በማንኪያ እያማሰለች ሳትጠጣው ግማሽ ሰዓት ቆየች። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው።

«ጋሼ፣ ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ነው። እጮኛዬ ባጃጅ ይነዳል፣ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሰው አይነካም። ግን ይቅማል። በየቀኑ ነው የሚቅመው። አንድ ጎረቤታችን ‹ጫት ዘር ያበላሻል፣ ጂን ይቆርጣል፣ የሚወለደው ልጅ ጉድለት ይኖረዋል› ብላኛለች። እውነት ከሆነ ቀለበቱን እመልሳለሁ። ውሸት ከሆነ ደግሞ ውሸት ነው በሉኝ። በአሉባልታ ትዳሬን አላፈርስም።»

ጎበዝ! እኔ እንግዲህ ምን ልበል? ለአሥራ አምስት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ እግሬን ዘርግቼ፣ የወንዶ ገነት ቅጠል ፊት ለፊቴ ከምሬ፣ ይኼንኑ ዓምድ የምጽፈው እኔው ነኝ። «ጫት ጽሑፍ ያፈልቃል» የሚለውን የጋዜጠኛ ተረት ከሚያምኑት አንዱ ነኝ፣ ወይም ነበርኩ። የሁለት ልጆች አባትም ነኝ። ጥያቄዋ እሷን አልፎ እኔ ላይ ነው ያረፈው።

ለማንኛውም «ሳምንት ስጪኝ» አልኳትና ወደ አንድ አዋቂ ሰው ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በላቦራቶሪ ሥራ የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን ማይክሮስኮፕ የሚያለማምዱ መምህር ናቸው። በዚህ ከተማ በወባ የታመመ ሰው ሁሉ ደሙ በእሳቸው ዓይን ሥር አልፏል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

«መምህር፣ ጫት ጂን ይቆርጣል?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«የትኛውን ጂን? የማንን? የጉንጩን ነው የዘሩን? ጥያቄህን መጀመሪያ አስተካክለው።»

ሙሽራው መጣ፣ ሙሽራው መታ

መምህሩ ብጣሽ ወረቀት አነሡና «ሙሽራው መጣ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «ሙሽራው መታ»። አንድ ፊደል ናት የተቀየረችው፣ ግን ሠርጉ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተለወጠ። ከዚያ «ፀሐይ» ብለው ጻፉና ከጎኑ «ጸሐይ» አሉ። ፊደሉ ተቀይሯል፣ ትርጉሙ ግን ያው ነው። ዲኤንኤ ላይ የሚደርስ ለውጥም እንደዚሁ ነው አሉኝ። አብዛኛው እንደ ሁለተኛው ነው፣ ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ጥቂቱ ግን እንደ ሙሽራው ነው። እንዲህ ያለውን የፊደል ስሕተት የሚያበዛ ነገር ነው እንግዲህ በሳይንስ ቋንቋ «ሚውታጅን» የሚባለው። ጨረር ሊሆን ይችላል፣ ጭስ ሊሆን ይችላል፣ ሻጋታ ያደረበት ለውዝ ሊሆን ይችላል። የቀትር ፀሐይ ሳይቀር።

ነገሩ የታወቀው በዝንብ ነው። የበሰለ ሙዝና የጠጅ ብርሌ ላይ የምታንዣብበዋ ቀይ ዓይን ያላት ደቃቃ ዝንብ የለችም? ኸርማን ሙለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1927 ዝንቦቹን በኤክስሬይ እየመታ ልጆቻቸው ላይ ለውጥ ሲበዛ አሳየ። በ1946 ኖቤል ተሸለመበት።

ኬሚካልም እንደዚያ እንደሚያደርግ የተረጋገጠበት ታሪክ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ስሜት አለው። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ በአባቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበውን የሰናፍጭ ጋዝ ሰምታችኋል። በሰሜን ብቻ አይደለም፣ በእኛ በደቡቡ ግንባር፣ በዶሎ በኩልም ወርዷል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ጄኔቭ ድረስ ሄደው የከሰሱበት ጋዝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሻርሎት አወርባህ የምትባል፣ ከሂትለር ሸሽታ ስኮትላንድ ኤድንብራ የገባች አይሁዳዊት ሳይንቲስት፣ ከባልደረባዋ ሮብሰን ጋር ሆና ያንኑ ጋዝ በዝንቦች ላይ ሞከረችው። ጋዙ ቆዳ ላይ የሚያደርሰው ቁስል ኤክስሬይ ከሚያደርሰው ጋር መመሳሰሉ ነበር መነሻው። እውነትም የዝንቦቹ ዘር ተቀየረ። ጊዜው ጦርነት ስለነበር ውጤቱ በምስጢር ተይዞ ቆይቶ በ1946 ወጣ። እኔ ይህን ስሰማ ዝንቦቹን ትቼ በቆላውና በበረሃው በዚያ ጭጋግ ውስጥ በባዶ እግራቸው የሮጡትን ነው ያሰብኩት። መምህሩም ትንሽ ዝም አሉ።

እንዴት ነው የሚመረመረው?

እያንዳንዱን ጥርጣሬ በሰው ላይ መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ብሩስ ኤምስ የሚባል፣ በ2024 ያረፈ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር በ1970ዎቹ አንድ ብልሃት አመጣ። ባክቴሪያ ነው የተጠቀመው። ባክቴሪያዎቹ ሂስቲዲን የሚባለውን ምግባቸውን ራሳቸው መሥራት እንዳይችሉ ሆነው የተበላሹ ናቸው፤ እንጀራ መጋገር እንደረሳ ሰው በሏቸው። ያ ምግብ በሌለበት ሳህን ላይ ሲቀመጡ በረሃብ ያልቃሉ። አሁን የተጠረጠረውን ነገር ትጨምራላችሁ። ነገርዬው ዲኤንኤን የሚነካካ ከሆነ ከሚሊዮኖቹ መካከል ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ስሕተታቸው ተገልብጦ መጋገሩን «ያስታውሳሉ»። ይራባሉ፣ ሳህኑ ላይ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ነጠብጣቡን መቁጠር ነው። የአይጥ ጉበት ጭማቂም ይጨመርበታል፤ ጉበታችን አንዳንዱን ምንም የማያደርግ ነገር አደገኛ ወደሆነ ነገር ስለሚቀይረው።

እኅቶቼ፣ ይህን ስሙ። ኤምስ በ1975 ባወጣው ጽሑፍ 169 የፀጉር ቀለሞችን በዚህ መንገድ ፈትኖ 150ዎቹ ባክቴሪያውን ቀያይረውት ተገኝተዋል። ኋላ ላይ ፋብሪካዎቹ ቅመማቸውን ቀየሩ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ቀለሙን ቀኑን ሙሉ የሚቀቡ የፀጉር ሠራተኞችን ነው በተለይ «ሊጎዱ ይችላሉ» የሚለው፤ ለራሷ የምትቀባዋን ሴት በተመለከተ ማስረጃው ለመወሰን አይበቃም ብሏል። ስለዚህ ፒያሳ ያለሽው ፀጉር ሠሪ፣ ጓንትሽን አድርጊ፣ መስኮቱንም ክፈቺ።

ዓሣ ወዳዶችም አልቀረንም። ሱጊሙራ የሚባል ጃፓናዊ በዚያው ዘመን የሚጠበስ ዓሣን ጭስ ሰብስቦ ለነዚሁ ባክቴሪያዎች ቢሰጣቸው ነጠብጣቡ ፈላ። ያረረው የዓሣና የሥጋ ገጽ ነው ጣጣው። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ስታዙ ጥቁር የሆነውን ገፍፋችሁ ጣሉት፤ ከዚያ ያለፈ መጨነቅ አያስፈልግም። (ጥሬውን በዳጣ የምትበሉት ከዚህ ጉዳይ ነጻ ናችሁ፣ ሌላ ጣጣ አለባችሁ እንጂ!)

ሌላም አለ። ሴሉን ጄሊ ውስጥ ቀብረው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ዲኤንኤው ጤነኛ ከሆነ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ከተበጣጠሰ ቁርጥራጩ በኤሌክትሪኩ እየተጎተተ ጅራት ያወጣል፣ ልክ እንደ ጅራታም ኮከብ። ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። ለደምም ለወንድ ዘርም ይሠራበታል።

ወደ ጉንጫችን እንመለስ

የጫቱን ነገር የመረመረው ሰው ደግሞ የእኛው ልጅ ነው። ፈቃዱ ካሴ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቪየና ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ምርምር ተቋም ውስጥ ከነክናስሙለር ጋር ሆኖ በ2001 በዓለም አቀፍ የካንሰር መጽሔት ያሳተመው ጥናት አለ። ኋላ ላይ እሱ ራሱ አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። የቃሚዎችንና የማይቅሙትን ጉንጭ ውስጡን ፍቀው ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ አዩ። ምን ፈለጉ? ትንንሽ ጨረቃዎችን። ሴል ሲከፈል 46ቱ ክሮሞሶሞች ወደየወገናቸው ይጎተታሉ። አንዳንዴ አንዱ ይቀራል። አውቶቡሱ ሲነሣ ሻይ ሲጠጣ እንደቀረ ተሳፋሪ ማለት ነው። የቀረው ብቻውን ይጠቀለልና ከትልቁ የሴል አስኳል አጠገብ አንዲት ትንሽ አስኳል ሆና ትቀመጣለች። ማይክሮኒውክለስ ይሏታል። እሷ ከታየች ያ ሴል ሲከፈል አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

በቃሚዎቹ ጉንጭ ውስጥ ይህቺ ነገር ወደ 8 እጥፍ ጨምራ ተገኘች። አብዝተው በሚቅሙት ዘንድ ደግሞ ከትንንሾቹ አስኳሎች 81 በመቶዎቹ የክሮሞሶም ወገብ ነበረባቸው። ይህ ማለት የተሰበረ ቁራጭ ሳይሆን ሙሉ ክሮሞሶም ነው መንገድ የቀረው። ጫቱ ፊደል ከመፋቅ ይልቅ ሙሉ ገጽ ያስጥላል ማለት ነው። ሲጋራና አልኮል ሲጨመሩ ደግሞ ጉዳቱ ይደመራል። የእኛን በርጫ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ቅጠሉ፣ በላዩ ላይ ሲጋራው፣ ሲመሽ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። አጥኚዎቹ ሦስቱን ለይተው ሊያጠኑ ተቸግረው ይሆናል፤ እኛ ግን ሦስቱን በአንድ ማታ እናደርሳቸዋለን።

«ታዲያ ካንሰር ነው?» አልኳቸው። መምህሩ ጣታቸውን አነሡ። «እንዲያ አልተባለም! ጥናቱ ራሱ ‹የአፍ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል› ነው ያለው፣ በተለይ ከሲጋራና ከመጠጥ ጋር ሲሆን። ከየመንና ከደቡብ ሳዑዲ የሐኪሞች ሪፖርት አለ፤ ግን ማስረጃው እንደ ሲጋራው የጠነከረ አይደለም። ሲጋራውን ግን አትጠይቀኝ፣ እሱ ያለቀለት ነው።»

አራት ብርጭቆ

ይህን ሁሉ ለልጅቷ በስልክ ብነግራት «በዓይኔ ልየው» አለች። አስቡት፣ ልብስ ሻጭ ናት፣ ጨርቁን ሳትዳስስ አትገዛም! መምህሩን ለመንኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እጮኛዋን ይዛ መጣች። ልጁ የ29 ዓመት ነው፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ቁልፉን በጣቱ የሚያሽከረክር። «ብራዘር፣ ጋዜጣ ላይ ስሜን እንዳታወጣ» አለኝ ገና ሳይጨብጠኝ። አላወጣሁም።

አፋችንን በውኃ ተጉመጠመጥን። መምህሩ ሐኪም ምላስ በሚጫንበት እንጨት የጉንጫችንን ውስጥ ፋቅ ፋቅ አደረጉና ብርጭቆዋ ላይ ቀቡት። አራት ብርጭቆ፤ የእሷ፣ የእሱ፣ የእኔና የመምህሩ የራሳቸው። እሳቸው ጫት በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ከዚያ ልጅቷን «እኔ ፊቴን አዞራለሁ፣ አንቺ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልሽ ምልክት አድርጊና የማን የማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ደብቂው» አሏት። ለምን ቢሏቸው፣ ቆጣሪው የማን እንደሆነ ካወቀ ዓይኑ ያዳላል። ቃሚው ላይ ሲሆን ብዙ ያያል፣ ወዳጁ ላይ ሲሆን ትንሽ። ትልልቆቹም ላቦራቶሪዎች እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

በሜታኖል አደረቁት፣ በጊምሳ ቀለም ነከሩት። ይኸው ወባ የሚታይበት ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ስመለከት የጉንጭ ሴል ለካስ ሰፊ ነው! እንደተገነጠለ እንጀራ ጠርዙ የተጣጠፈ፣ መሐሉ ላይ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ አስኳል። አንዱን ስላይድ ስንቃኝ መምህሩ ድንገት ቆሙ። «እዩአት።» ከትልቁ አስኳል ጎን፣ ሳትነካው፣ ተመሳሳይ ቀለም ያላት ክብ ነጥብ። እውነትም ጨረቃ።

«የማን ነው?» አለ ልጁ። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር።

ስላይዱ «ለ» የሚል ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«የእኔ ነው» አለች። «እኔ እኮ ቅሜ አላውቅም!»

መምህሩ በፍጥነት ነው ያረጋጓት። ማንም ሰው፣ ቅጠል ያልነካም መነኩሴ ቢሆን፣ ከሺህ የጉንጭ ሴል አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ አያጣም። ሴል ሲከፈል በራሱም ይሳሳታል፣ ዕድሜም አለ፣ ጭስም አለ። ለዚህ ነው አንድ አይቶ መፍረድ የማይቻለው። ሺህ፣ ሁለት ሺህ ሴል መቁጠር፣ ያንንም በብዙ ሰው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ጊምሳ ያታልላል፤ አስኳል ያልሆነች ቅንጣት ቀለሙን ጠጥታ አስኳል ትመስላለች። በደንብ የሚሠሩት ዲኤንኤን ብቻ የሚያቀልም ፎይልገን የሚባል ማቅለሚያ ነው የሚጠቀሙት፣ እሳቸው ጋ የለም። «ስለዚህ ይኼ የቅዳሜ ትምህርት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም» አሉ። ክሊኒክ ሄዳችሁም «ጂኔ ተበላሽቶ እንደሆን እዩልኝ» ብትሉ በዚህ መንገድ «አንተ ካንሰር ይይዝሃል፣ አንቺ አይዝሽም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፈተናው ስለ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ነው የሚናገረው፣ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይደለም።

ያም ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ከየስላይዱ ሺህ ሺህ ሴል ቆጥረዋል፤ አዲስ ምልክት አስደርገውበት፣ የማን እንደሆነ ሳያውቁ። ቁጥሩን ነገሩኝ። እንዳልጽፈው ግን አስምለውኛል፤ «ነገ ጥናት አደረጉ ይባላል» ብለው። የቃሚዎቹ የሁለታችን ከማይቅሙት ከሁለቱ በልጧል። ከሁላችን የበለጠው የልጁ አይደለም። እዚህ ላይ ላቁም።

እንግዲህ ስለ ልጁ፣ ስለሚወለደው

የልጅቷ ጥያቄ ግን ይኼ አልነበረም። የጉንጭ ሴል ጉንጭ ውስጥ ተወልዶ፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተቀርፎ ከምራቅ ጋር ይዋጣል። ለማንም አይወረስም። ለልጅ የሚተላለፈው በወንዱ ዘርና በሴቷ እንቁላል ውስጥ ያለው ብቻ ነው። መምህሩ «የጉንጩን ነው የዘሩን?» ያሉኝ ለዚህ ነበር።

እዚህ ላይ ከባዱን ምሳሌ እንይ። ሂሮሺማና ናጋሳኪ በ1945 አቶም ቦምብ ወረደባቸው። ከዚያ ጄምስ ኒል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የመራው ቡድን ከተረፉት የተወለዱ ከ70 ሺህ በላይ ሕፃናትን ተከታተለ። ሁሉም ጭራቅ ይወለዳል ብሎ ነበር የጠበቀው። ውጤቱ ግን፣ ከቦምቡ በኋላ የተጸነሱት ልጆች ላይ ከሌላው ሕዝብ የሚለይ የጉድለት ጭማሪ አልተገኘም። የተረፉት ራሳቸው ግን በሉኪሚያና በሌላ ካንሰር ከሌላው ሰው በላይ ተጠቁ። ቦምቡ ሲወድቅ በማኅፀን የነበሩትም ተጎዱ፤ ጭንቅላታቸው አንሶ የተወለዱ አሉ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ዘር ላይ የሚደርስ ጉዳት ሌላ፣ ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ ላይ የሚደርስ ሌላ።

ስለዚህ ጎረቤቷ ያለቻት «ዘር ይቆርጣል፣ ጉድለት ያለበት ልጅ ይወለዳል» የሚለው አልተረጋገጠም። አባት ስለቃመ ልጁ ጉድለት ይዞ ይወለዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ይህ ማለት ግን ቅም፣ አይዞህ ማለት አይደለም። በ1995 በየመን ቃሚዎች ላይ የወጣ ጥናት የዘር ቁጥር ማነስና የቅርጽ መበላሸት አሳይቷል። ልጅ መውለድ የሚፈልግ ወንድ ይህን ይስማ። ደስ የሚለው፣ የወንድ ዘር በየጊዜው አዲስ ነው የሚሠራው፣ አንዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ያህል ይፈጃል። ለማርገዝ ከታሰበበት ቀን ሦስት ወር ቀደም ብሎ ጫቱንም ሲጋራውንም ያቆመ ሰው አዲስ ዘር ይዞ ይመጣል። ሴቷን በተመለከተ ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል፤ እርጉዝ ሆነው የሚቅሙ ሴቶች ክብደቱ ያነሰ ሕፃን እንደሚወልዱ ከየመን ታይቷል። ይህ ጂን አይደለም፣ ማኅፀን ነው፣ ግን ለሕፃኑ ምን ልዩነት አለው?

አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ውስጥ በተደረጉ ምርመራዎች ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት ተገኝቷል። ገበሬው ቅጠሉ እንዲያምርለት ይረጫል። እኛ ደግሞ በኩራት ሳናጥብ ነው የምናነሣው፣ «ውኃ ከነካው ጣዕሙ ይሄዳል» እያልን። እኔ ራሴ ያጠበ ሰው ላይ የሳቅሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ማጠብ ሁሉንም አያስለቅቅም፣ አለማጠብ ግን ዕብደት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፋችሁ ውስጥ፣ በተለይ በምትይዙበት ጉንጭ በኩል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም ቁስል ኖሮ ሁለት ሳምንት አልፎት ካልጠፋ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። በመስታወት ተመልከቱ፣ ዛሬውኑ። እኔ ተመልክቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለሁለቱም ተርኬ ስጨርስ ልጁ ትንፋሹን ለቀቀ። «ሰማሽ አይደል? የለም ተባለ» አላት። እሷ ግን ዝም ብላ ስታየው ቆየችና፣ «ጂኑንስ ሰማሁ፣ እሺ» አለች። «ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባጃጁ ቆሞ የሚውለውስ? የቤት ኪራዩ ስንት ወር አለበት? እሱ በማይክሮስኮፕ ይታያል?» መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። እኔም ወረቀቴን አገላበጥኩ። ለካስ ጎረቤቷ ያወራችው ለመጀመር ያህል ነበር።

ልጁ መልስ አልነበረውም። ትንሽ ቆይቶ መምህሩን ጠየቀ፤ «ቲቸር፣ ቢቆምስ? ጉንጩ ይመለሳል?» መምህሩም ይመለሳል አሉት። በቪየናው ጥናት ጫት ከተቃመ በኋላ ትንንሾቹ አስኳሎች ሳምንታት ቆይተው ከፍ ይሉና፣ ካልተደገመ እንደገና ወደነበሩበት ይወርዳሉ። አሮጌው ሴል ይቀረፋል፣ አዲሱ ይተካል። ያኔ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የቀረው። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ግን ተጨባብጠን ሁለታችንም እስከ ፋሲካ እንድናቆም ተስማማን፣ ከዚያ ድጋሚ ልንፋቅ።

ይህን የምጽፈው በጾሙ ስድስተኛ ሳምንት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ በሻይና በለውዝ (ሻጋታውን አይቼ እየለቀምኩ)። ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል፣ ድሮ በሁለት ሰዓት እጨርሰው ነበር፤ ወይም የጨረስኩት ይመስለኝ ነበር። ልጁ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጊዜ እንደሳተ ነገረኝ፤ ጓደኛው ከአለታ ወንዶ መጥቶበት ነው። ለእሷ ነግሯታል፤ «ራሱ ስለነገረኝ» ብላ አልተቆጣችም አለኝ። የሠርጉ ካርድ ግን ገና አልታተመም። መምህሩ አራት ንጹሕ ብርጭቆዎች በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛው ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ አለን።